ንባብ ለሕፃን፣ ጽሕፈት ለባለሙያ፣ ክርክር ለሊቅ

(የአንደኛ ደረጃ ንባብ፣ ጽሕፈትና ውይይት በሀገራችን እንዴት እንደመጣ)

ስለ ሀገራችን ትምህርት ጨዋታ በተነሣ ቁጥር ሁለት ዓይነት ተከራካሪ አይጠፋም። አንደኛው «ያኔማ ልጁ ሁሉ ዳዊት ይደግም ነበር፤ የዛሬው ስምንተኛ ክፍል ደርሶ ስሙን አጥርቶ አይጽፍም» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ የጥንቱን ትምህርት «ሽምደዳ» ብሎ በአንድ ቃል ጠርጎ ይጥለዋል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ከሁለቱም ጋር ትንሽ ጠብ አለን። የመጀመሪያው ሰው ዳዊት የደገመው ልጅ ያነበበውን ምን ያህል እንደተረዳ አይጠይቅም። ሁለተኛው ደግሞ የዛሬው ክፍል ውስጥ ያለው ሽምደዳ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም።

ስለዚህ ጥያቄውን በሌላ በኩል እናንሣው። በዚህ ሀገር አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ማንበብ ሲጀምር ምን እንዲሆን ታስቦ ነበር? እንዲጽፍስ የተፈቀደለት መቼ ነው? «ለምን?» ብሎ እንዲጠይቅ፣ «እኔ ግን እንዲህ ይመስለኛል» ብሎ እንዲከራከርስ?

ታሪኩን ስናገላብጥ ያገኘነው መልስ አጭር ነው። ማንበብ፣ መጻፍና መወያየት በአንድ ልጅ ላይ አብረው እንዲያድጉ አልተደረገም። እንደ መሰላል ተደራርበው ነው የቆሙት። ንባቡ ከታች ለሕፃኑ፣ ጽሕፈቱ ወደ ጎን ለባለሙያው፣ ክርክሩ ከጫፍ ላይ ለሊቁ። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲመጣ ግድግዳውንና መጽሐፉን ለወጠ እንጂ መሰላሉን አላፈረሰም። ይህን ደረጃ በደረጃ እንየው።

፩. ከሀሁ እስከ ዳዊት

በቤተ ክህነት ትምህርት የመጀመሪያው ቤት ንባብ ቤት ነው። ልጁ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ወይም ከመምህሩ ጎጆ ደጃፍ ተቀምጦ ፊደል ይቆጥራል። የአማርኛው ገበታ 33 ፊደላት አሉት፤ እያንዳንዳቸው ከግዕዝ እስከ ሳብዕ በ7 ሲዘረዘሩ 231 ይሆናሉ። ልጁ ይህን ሁሉ በስንደዶ ወይም በቀጭን እንጨት እየጠቆመ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ በዜማ ይለዋል።

እዚህ ላይ «ሽምደዳ ነው» ብለው ለሚቸኩሉ ሰዎች አንድ ነገር እናሳይ። ፊደሉን በተራ የለመደ ልጅ ዓይኑን ጨፍኖም ይወጣዋል። አፉ ይሄዳል፣ ዓይኑ አያይም። ይህን የጥንት መምህራን አላጡትም። ለዚህ ነው ከሀሁ በኋላ አቡጊዳ የሚመጣው። አ ከግዕዙ፣ ቡ ከካዕቡ፣ ጊ ከሣልሱ፣ ዳ ከራብዑ፣ ሄ ከኃምሱ፣ ው ከሳድሱ፣ ዞ ከሳብዑ እየተነሣ ገበታውን አግድም ያቋርጠዋል። በተራ የተሸመደደው ሁሉ እዚህ ላይ ይፈርሳል። ፊደሉን በመልኩ የማያውቅ ልጅ ይጋለጣል። ይህ ዛሬ በመምህራን ማሠልጠኛ ቢነገር እንደ አዲስ ግኝት የሚቆጠር ዘዴ ነው።

ከዚያ በኋላ መልእክተ ዮሐንስ ይመጣል። ልጁ በመጀመሪያ ቁጥር ይላል፤ ማለትም እያንዳንዱን ፊደል ለየብቻ እየነካ ይጠራል። ቀጥሎ በግዕዝ፣ ከዚያም በውርድ ንባብ፣ በመጨረሻ በቁም ንባብ ያነባል። ቁም ንባብ ቀላል አይደለም። የትኛው ቃል ተነሽ፣ የትኛው ወዳቂ፣ የትኛው ተጣይ፣ የትኛው ሰያፍ እንደሆነ ጆሮ መለየት አለበት። ወንጌለ ዮሐንስን ያልፍና ወደ ዳዊት ይገባል። 150ውን መዝሙር አንብቦ የጨረሰ ልጅ «ዳዊት ደገመ» ይባላል፤ ወላጅ ይደሰታል፣ አቅም ያለው ይደግሳል፣ መምህሩም ስጦታ ያገኛል።

ሌላም የሚደነቅ ነገር አለ። መምህሩ አንድ ነው፣ ተማሪው ግን ብዙ። ስለዚህ ዳዊት የደረሰው ወንጌል ላይ ያለውን፣ ወንጌል ላይ ያለው ሀሁ ቆጣሪውን ያስተምራል። ማታ ደግሞ መጽሐፍ ሳይያዝ የቃል ትምህርት ይቀጥላል። ልጅ በልጅ ይማራል፤ የሚያስተምረውም ልጅ ሲያስተምር የራሱን ያጠናክራል።

ታዲያ ጉድለቱ የቱ ላይ ነው? ልጁ ይህን ሁሉ የሚያነበው በግዕዝ ነው። አማርኛ ተናጋሪው ልጅ ከአሥር ቃል ሁለት ሦስቱን ቢገምት ነው። በቤቱ አገውኛ ወይም ኦሮምኛ የሚናገረውማ ምኑ ቅጡ! የንባቡን ምሥጢር የሚፈታው ትርጓሜ ያለው በመጨረሻው ቤት፣ በመጻሕፍት ቤት ነው። እዚያ ለመድረስ ዜማ ቤቱን ወይም ቅዳሴ ቤቱን፣ ከዚያም ቅኔ ቤቱን ማለፍ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያሉ ቁራሽ እየለመኑ፣ ከደብር ደብር እየዞሩ ብዙ ዓመት ማሳለፍ ይጠይቃል።

ፍርደ ገምድል እንዳንሆን። ንባብ ቤት የተቋቋመው ልጁን ለጸሎትና ለማኅሌት ለማዘጋጀት ነው፤ በዚያ ዓላማ ሲመዘን ሥራውን ሠርቷል። ነገር ግን ከዳዊት ደጋሚዎች አብዛኞቹ እዚያው ላይ አቁመው ወደ እርሻቸው፣ ወደ ከብታቸው ይመለሱ ነበር። እነሱ ይዘውት የሄዱት ድምፁን ነው። ትርጉሙ ከላይ፣ እነሱ ባልደረሱበት ቤት ቀርቷል።

፪. ጽሕፈትና ባለ ብርዑ

በንባብ ቤት ውስጥ ብርዕ የለም። ለዛሬ ሰው ይህ ግራ ያጋባል፤ ለእኛ ማንበብና መጻፍ እንደ ሁለት እግር ናቸውና። በጥንቱ ሥርዓት ግን መጻፍ ራሱን የቻለ የእጅ ሙያ ነበር። ቁም ጸሐፊ የሚሆን ሰው ቆዳውን ወጥሮ ፍቆ ብራና ማድረግ፣ ቀለም መበጥበጥ፣ የሸምበቆ ብርዕ መቅረጽ፣ ብራናውን ማስመር፣ ከዚያም ፊደሉን በቁሙ ማስቀመጥ መማር አለበት። ይህንንም ከአባቱ ወይም ከአንድ ባለሙያ ሥር ሆኖ ይማራል። ሥራውም በአብዛኛው መገልበጥ ነው፤ ከቀደመው መጽሐፍ ሌላ መጽሐፍ ማውጣት። የራስን ሐሳብ መጻፍ የሌላ ሰው ነገር ነው።

በዚያ ላይ ጽሕፈት የሚችል ሰው ይፈራ ነበር። ክታብ የሚጽፈው እሱ፣ ድግምት ያውቃል የሚባለውም እሱ ነው። መኳንንቱም ቢሆኑ ደብዳቤ ሲፈልጉ ለጸሐፊ ይነግራሉ፤ ጸሐፊው ይጽፋል፤ እነሱ ማኅተማቸውን ያሳርፋሉ። ዳዊቱን በየቀኑ እየደገመ አንድ መስመር ደብዳቤ የማይጽፍ ሰው በዘመኑ የሚያስገርም አልነበረም።

ነገሩ የግድ እንዲህ መሆን እንዳልነበረበት ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በሐረርና በወሎ የቁርኣን ትምህርት የሚማረው ልጅ ከመጀመሪያው ሉህ ይያዛል። በእንጨቱ ሰሌዳ ላይ ምዕራፉን በቀለም ይጽፋል፣ ያነባል፣ ይይዛል፣ አጥቦ እንደገና ይጽፋል። እዚያ ንባብና ጽሕፈት በአንድ ሰሌዳ ላይ ተገናኝተዋል። ቋንቋው ዐረብኛ ስለሆነ ትርጉሙ ለዚያም ልጅ ቢዘገይበትም፣ እጁ ግን ከመጀመሪያው ተፈትቷል። ውጤቱንም በታሪክ እናየዋለን። በሐረር ሐረሪኛው፣ በወሎ የአማርኛው መንዙማ በዐረብኛ ፊደል ተጽፎ ተላልፏል። ፊደሉ የመጣው ለሌላ ቋንቋ ነው፤ መጻፍ የለመደ እጅ ግን ወደ ራሱ ቋንቋ መልሶታል።

የጽሕፈት ወደ ጎን መገለል ለሰፊው ሕዝብ ያስከፈለው ዋጋ ቀላል አይደለም። መሬቱን የተነጠቀ ሰው አቤቱታውን የሚያቀርበው በሌላ ሰው ብርዕ ነው። የገዛ በደሉ በማያውቀው ቃል ይጻፍለታል፤ ምን እንደተጻፈ ሳያውቅ ጣቱን ያሳርፋል። ከፍርድ ቤት ደጃፍ ጠረጴዛ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፈው ሰው ዛሬም እንጀራ የሚበላው እኮ ፊደል የቆጠረው ሁሉ ነገሩን አሰናድቶ መጻፍ ስለማይችል ነው።

፫. ክርክር ከመሰላሉ ጫፍ

«የጥንቱ ትምህርት ማሰብን አያስተምርም» የሚል ሰው ቅኔ ቤት ደጃፍ ያልደረሰ ሰው ነው። ቅኔ ቤት ውስጥ ተማሪው የሌላውን አይደግምም፤ የራሱን ይቆጥራል። በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ወደ ዘአምላኪየ፣ ወደ ሥላሴ፣ ወደ መወድስ ይወጣል። ሰሙን ከወርቁ ያዋሕዳል። ለመምህሩ ያሰማል፤ መምህሩ ያርመዋል፣ ይነቅፈዋል፣ ወይ ያወድሰዋል። ጓደኞቹ ቅኔውን ይፈቱታል፣ «ይህ ምሥጢሩ አልተስማማም» ብለው ይከራከሩበታል። ሰዋስው፣ ታሪክ፣ ጨዋታ፣ ሽሙጥ፣ ፍልስፍና ሁሉም እዚያ አለ። ከአንዱ መምህር ያልጠገበ ተማሪ ወደ ሌላው ይሄዳል።

በሌላ አነጋገር፣ በሀገራችን ትምህርት ውስጥ መድረስም፣ መከራከርም፣ መተርጎምም ነበረ። ግን የት? ከስንት ዓመት በኋላ? ለስንት ሰው?

ከትምህርት ቤት ውጭስ? ከውጭማ ሕዝቡ በሙሉ ተከራካሪ ነው። በዛፍ ጥላ ሥር በሚቆም ችሎት ባላጋራውን «ተጠየቅ!» ብሎ የሚሞግት፣ «በላ ልበልሃ» እየተባባለ ነገሩን በግጥም የሚያዋዛ፣ ሽማግሌ ፊት የራሱን አቅርቦ የሌላውን የሚያፈርስ ገበሬ ሞልቷል። ፊደል ያልቆጠረው ሰው የሙግት ሊቅ ነበር። ልጆቹም ቢሆኑ ማታ እሳት ዳር «እንቆቅልሽ»፣ «ምን አውቅልህ» እየተባባሉ መላ ይመታሉ፤ አልፈታም ያለው «ሀገር ስጠኝ» ተብሎ ሀገር ይሰጣል። እንቆቅልሽ ምንድነው? ያልተነገረውን ከተነገረው ማውጣት ነው። ንባብን መረዳት የምንለውም ይኸው ነው።

እንግዲህ ተመልከቱት። ልጁ ማታ እቤቱ የሚያስብ፣ የሚጠይቅ፣ የሚመልስ ፍጡር ነው። ጧት ትምህርት ቤት ሲሄድ ግን ይህ ሁሉ ደጅ ይቀራል፤ ድምፅ ብቻ ይዞ ይገባል። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚለው ተረት ከምጣድና ከሊጥ አልፎ በትምህርት ቤቱም በር ላይ ተጽፎ የቆየ ይመስላል።

፬. አዲስ ግድግዳ፣ አሮጌ መሰላል

ወደ ዘመናዊው ትምህርት ከመግባታችን በፊት ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ መጽሐፍ እናንሣ። በ1894 እ.ኤ.አ. ከምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ፣ በስዊድን ሚሲዮን ማተሚያ ቤት፣ አንድ የኦሮምኛ የንባብ መማሪያ ታተመ። ያዘጋጁት ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ናቸው፤ ሁለቱም በልጅነታቸው በባርነት ተሸጠው ነፃ የወጡ ሰዎች። የተጻፈው በኢትዮጵያ ፊደል ነው። ለታሪካችን ዋናው ቁም ነገር ውስጡ ያለው ነው። አስቴር ጋኖ የሕዝቡን ተረት፣ ምሳሌና ዘፈን ሰብስባ ነበርና፣ ከቃላቱ ዝርዝር ጋር ይህም ገባበት። ማለትም ልጁ የሚያነበው እሳት ዳር የሰማውን ነው። ድምፁና ትርጉሙ አብረው የመጡበት መጽሐፍ ይህ ነው። ሁለቱ በ1904 እ.ኤ.አ. ወደ ወለጋ ተመልሰው ማስተማር ሲጀምሩ ከካህናቱ ተቃውሞ ገጠማቸው፤ ኦኔሲሞስም ተከሶ ለጥያቄ ቀረበ። መንገዱ ተጀምሮ ነበር፤ ሰፊ ጎዳና ግን አልሆነም።

በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ። የካህናቱን ቅሬታ ለማብረድ መምህራኑ ከግብፅ፣ ከኮፕቲክ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን መጡ። ዋናው ትምህርት የውጭ ቋንቋ ነበር፤ መንግሥቱ አስተርጓሚና የውጭ ጉዳይ ሠራተኛ ያስፈልገው ነበርና። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትም በፈረንሳይኛ ያስተምር ነበር። ያኔ ሁለቱ ሙያዎች በአንድ ክፍል ተገናኙ፤ ልጁ ያነባልም፣ ይጽፋልም። ብርዑ ከባለሙያው እጅ ወጥቶ ልጁ እጅ ገባ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ መካድ አይገባም።

ግን ልጁ የሚያነበው በምን ቋንቋ ነው? ግዕዝ ሄዶ ፈረንሳይኛ መጣ። ከነፃነት በኋላ፣ ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ፣ ፈረንሳይኛው ለእንግሊዝኛ ቦታውን ለቀቀ። ክርክሩስ? በዚያው በ1917 ዓ.ም. በወጣው «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ ላይ የተማሩ ሰዎች ስለ ሀገር መሻሻል ሐሳብ ለሐሳብ ይሟገቱ ነበር። እነሱ ግን የመሰላሉ ጫፍ ላይ የደረሱ ጥቂቶች ናቸው።

በ1936 ዓ.ም. ስለ ሚሲዮኖች የወጣው ድንጋጌ አማርኛን አጠቃላይ የማስተማሪያ ቋንቋ አደረገ። በ1950ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ደግሞ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት እስከ ስድስተኛ ክፍል በአማርኛ ሆነ። አማርኛ አፉን ለፈታ ልጅ ይህ ድል ነበር። እንደ ከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» ያሉ መጻሕፍት እጁ ገቡ፤ ያነበበውን ወዲያው ይረዳል፣ ይስቃል፣ ያዝናል። ነገር ግን አንድ የሲዳማ፣ የኦሮሞ፣ የወላይታ ወይም የሱማሌ ልጅ ያንኑ መጽሐፍ ሲይዝ ንባብ ቤት ነው የተመለሰው። ድምፁን ያወጣል፤ ትርጉሙ ሩቅ ነው። እንዴት ይወያይበት? በማያውቁት ቋንቋ «ለምን?» አይባልም።

አማርኛ ለሚያውቀውም ቢሆን የክፍሉ ልማድ ብዙ አልተለወጠም። መምህሩ ያነባል፣ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ይከተላል። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ልጁ ደብተሩ ላይ ይገለብጣል። እዚህ ላይ ቁም ጸሐፊው ተመልሶ መጣ ማለት ነው፤ ልጁ እጁ ላይ ብርዕ አለ፣ የሚጽፈው ግን የሌላውን ነው። ድርሰት የሚባለው ነገር ከፍ ላለው ክፍል ይቆያል። በዚያ ላይ ሕዝቡ «ሚኒስትሪ» የሚለው የስምንተኛ ክፍል ፈተና አለ፤ ፈተናው የሚፈልገው ትክክለኛውን መልስ ነው እንጂ የልጁን ሐሳብ አይደለም።

ውይይቱ የት ሄደ? ወደ ላይ! የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በ1943 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ የክርክር መድረኩ፣ የግጥም ውድድሩ፣ በኋላም የተማሪው እንቅስቃሴ የጦፈ ሙግት እዚያ ነበር። ቅኔ ቤት በሌላ ስም እንደገና ተሠራ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በብሔራዊ አገልግሎት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወጥተው ማስተማር ግዴታቸው ሆነ። የመሰላሉ ጫፍና ግርጌው የተገናኙበት ጥሩ አጋጣሚ ነበር። ሆኖም አንድ ዓመት አስተምሮ የሚመለስ ወጣት የፈተናውንም የመጽሐፉንም ሥርዓት ብቻውን አይለውጠውም።

፭. ዘመቻ፣ ቋንቋና የ2002 ሚዛን

ከአብዮቱ በኋላ፣ በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ 60,000 ያህል ተማሪና መምህር ወደ ገጠር አወጣ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ፊደል መቁጠር ለሚሊዮኖች ሆነ፤ በጊዜው በ15 ቋንቋዎች፣ ሁሉም በኢትዮጵያ ፊደል እየተጻፉ። ለዚህም ሥራ ሀገሪቱ በ1980 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝታለች። ከዘመቻው ጎን የሄደውን ደምና ሰቆቃ የሚረሳ ታሪክ ጸሐፊ አይኑር። ቢሆንም ሰፊው ሕዝብ በገዛ ቋንቋው ፊደል መቁጠሩ ለመጀመሪያ ጊዜ በመንግሥት ደረጃ የተደረገ ነገር ነው። በዋነኛነት ለአዋቂ ነበር እንጂ የአንደኛ ደረጃው ሕፃን ግን እንደበፊቱ በአማርኛ ይማር ነበር።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ይህን በሩን ለሕፃኑ ከፈተ፤ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ወሰነ። አስቴር ጋኖ ከመቶ ዓመት በፊት የጀመረችው ነገር ሕግ ሆነ ማለት ነው። እንግዲህ የቋንቋው ግድግዳ ከፈረሰ፣ ልጁ አንብቦ መረዳት አለበት፣ አይደል?

በ2002 ዓ.ም. ከ13,000 በላይ የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች በ6 የሀገራችን ቋንቋዎች፣ በሚማሩበት ቋንቋ፣ የንባብ ምዘና ተደረገላቸው። ከሁለተኛ ክፍሎቹ 34 በመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። 48 በመቶው ደግሞ ስለ ታሪኩ ከተጠየቁት አንዱንም አልመለሱም። በሦስተኛ ክፍል ቁጥሩ ወደ 20 እና ወደ 30 በመቶ ይወርዳል።

ሁሉም ሰው የሚደነግጠው 34ቱ ላይ ነው፤ ይደንግጥ፣ ያስደነግጣል። እኛ ግን አንባቢ በ34 እና በ48 መካከል ያለውን ልዩነት ልብ እንዲልልን እንፈልጋለን። ቃል ማንበብ ያልቻለው መመለስ አይችልም፤ ይህ ግልጽ ነው። ግን ከመቶው 14ቱ ቃል አንብበዋል፤ በገዛ ቋንቋቸው አንብበዋል፤ ሆኖም ስለ አነበቡት አንድ ጥያቄ አልመለሱም። ከነዚህ መካከል ንባባቸው ገና ዘገምተኛ የሆነ ብዙ ይኖራል። ነገር ግን ስለ ንባብ መጠየቅን ያልለመደ ልጅ ጥያቄ ሲቀርብለት ቢደናገር ምን ይገርማል? ድምፅ ይዞ፣ ነገር ሳይዝ የወጣ ዳዊት ደጋሚ በ2002 ዓ.ም.ም አለ ማለት ነው። ይህ ደግሞ የሚያሳየን፣ ቋንቋው ትልቅ ነገር ቢሆንም ቋንቋ ብቻውን መሰላሉን እንደማያፈርስ ነው።

፮. ታዲያ ምን ይሁን?

አንዳንድ ወንድሞችና እኅቶች «መጀመሪያ ፊደሉን ይወቅ፤ ውይይቱ ይደርሳል» ይሉናል። ከመቶ ዓመት በላይ የሰማነው መልስ ይህ ነው፤ ችግሩ ለአብዛኛው ልጅ አለመድረሱ ነው። ማሰብን የመጨረሻው እርከን ላይ ያስቀመጠ ትምህርት፣ ከመካከል ለሚወርደው ልጅ ምንም አይሰጠውም። በሀገራችን ደግሞ ከመካከል የሚወርደው ይበዛል። አራተኛ ክፍል ላይ ለሚያቋርጠው ልጅ ያ አራት ዓመት ሙሉ ትምህርቱ ነው፤ የሚቀጥል ክፍል የለውም።

«ከሃምሳ በላይ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ምን ውይይት ይደረጋል?» የሚለው ግን እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ አናቃልለውም። መልሱ ግን ከውጭ አይመጣም፤ እዚሁ ታሪካችን ውስጥ ተበትኖ አለ።

ከንባብ ቤት፦ ልጅ ልጅን ያስተምር። ሃምሳው ልጅ በአምስት በአምስት ቢከፈል አሥር ትንንሽ ጉባኤ ይሆናል፤ ቀድሞ የገባው ላልገባው ያነብለታል። አቡጊዳም አይረሳ፤ በተራ የተሸመደደውን ንባብ ከመካከሉ ጀምሮ፣ ከታች ወደ ላይ ማስነበብ ወጪ የለውም።

ከሉሁ፦ ጽሕፈት ከመጀመሪያው ቀን ይጀመር። መገልበጥ ብቻም አይሁን። አምስት ፊደል ያወቀ ልጅ በአምስቱ የሚጻፍ ቃል ከራሱ ያውጣ። የበጉን ስም፣ የእኅቱን ስም ይጻፍ። ፊደሉ ቢጠማዘዝ ይጠማዘዝ፤ ይታረማል።

ከእምኩሉው መጽሐፍ፦ ልጁ አያቱ ዘንድ የሰማውን ተረት ይዞ ይምጣ። እሱ ይናገር፣ መምህሩ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ፣ ክፍሉ ያንብብ። በዚህ አንድ ሰዓት ውስጥ መናገር፣ መጻፍና ማንበብ አብረው ተቀምጠዋል፤ መጽሐፍ አልደረሰንም የሚለውም ሰበብ በጥቂቱ ይቃለላል።

ከእሳት ዳሩና ከችሎቱ፦ ከእያንዳንዱ ንባብ በኋላ አንድ መልሱ መጽሐፉ ውስጥ የሌለ ጥያቄ ይጠየቅ። «ቀበሮዋ ምን አለች?» ሳይሆን «ቀበሮዋ ልክ ነበረች ወይ?» ይባል። ግማሹ ለቀበሮዋ፣ ግማሹ ለበጉ ይሟገት፤ «ተጠየቅ!» ይባባሉ። የሌላውን ሳያቋርጡ ማዳመጥ፣ «እኔ ግን» ብሎ ምክንያት ማቅረብ፣ ሲረቱ አምኖ መቀበል የሚለመደው ያኔ ነው። ሃያ ዓመት ሞልቶት ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ሊለምደው የሚሞክር ሰው ክርክርን ከጠብ ለመለየት ስንት ፍዳ እንደሚያይ እኛው በየጉባኤያችን የምናየው ነው። ተቃዋሚን ጠላት አድርጎ ማየት ስንት ትውልድ እንዳስበላን ደግሞ የሀገራችን የቅርብ ታሪክ ይናገራል።

ክረምት በመጣ ቁጥር ከመካከላችን ብዙዎች ለበጎ ፈቃድ ወደየቀያቸው ተመልሰው ሕፃናትን ያስጠናሉ። ሥራው የሚያስመሰግን ነው። በሚቀጥለው ክረምት ግን ከማስጠናቱ ጋር አንድ ነገር እንጨምር እንላለን። እያንዳንዳችን ካስተማርናቸው ልጆች በገዛ ቃላቸው፣ በገዛ ቋንቋቸው የጻፉትን፣ አጭርም ቢሆን፣ የፊደል ግድፈትም ቢኖርበት፣ ይዘን እንምጣ። የዚህ መጽሔት አዘጋጆችም ሁለት ገጽ ይልቀቁለት። የቅኔ ቤቱን ደጅ ለሀሁ ቆጣሪው መክፈት ከዚህ ሊጀምር ይችላል። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም እየተባለ ብዙ ዘመን ኖረናል፤ እስቲ አንድ ጊዜ ጋግረን እንቅመሰው።